የጋይድ መግፊያው

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ነበር የሚለው። የመኪና ኮፈን ሳይከፈት ሞተሩን አዳምጦ በሽታውን ስለሚናገር የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠራበት ጋራዥ ከወጣ ሦስት ወሩ ነበር። ለጠየቀው ሁሉ «ጡረታ ወጣሁ» ይላል፤ ከጋራዡ ሰዎች ሌላ እውነቱን የምታውቀው ባለቤቱ ብቻ ናት። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ቢጀምር የጋራዡ ጌታ ማር በተቀባ ምላስ «እንግዲህ እረፍ፣ ይበቃሃል» ብሎ አሰናበተው። የእቃ ሳጥኑን ተሸክሞ ሲወጣ ከሠራተኞቹ አንድም ቀና ብሎ ያየው የለም። ማየቱን አልቻሉትም።

በዚያው ሰሞን የገዛ ራሱ አሮጌ ፒክአፕ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር። ዘይቱን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ጆሮ ግቢው ውስጥ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ፈታና ቫልቮቹን ቢነካካቸው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዙ። ቫልቮቹ የሚመላለሱባቸው ትንንሽ ቱቦዎች፣ ጋይዶቹ፣ ተበልተው አልቀዋል።

«ለቶርኖ ሠሪው ላክለትና ይሥራልህ» አለች ባለቤቱ። ቶርኖ ሠሪው ብረት እየቀረጸ የሚያስተካክል፣ ሙያውን ከጆሮ የተማረ ሰው ነው።

«ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?»



በማግስቱ እቃ ሊመርጥ መለዋወጫ መደብር ሄደ። ባለሱቁ ሦስት ዓይነት መግፊያ፣ አሮጌውን ጋይድ በመዶሻ መትቶ የሚያስወጣ ዘንግ፣ ደረደረለት። አንደኛው ቀጭን ስለሆነ ሲመታ ይጎብጣል፤ ሁለተኛው ከጋይዱ ስለሚወፍር ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሦስተኛው ግን ጫፉ ጋይዱ ውስጥ ይገባል፣ ትከሻው ጋይዱን ይገፋል፣ አብሮትም ያልፋል። እሱን ወሰደ። ቀዳዳውን በልኩ የሚያሰፋውን ባለ ስለት ዘንግ፣ ሪመሩን፣ ሲመርጥም እየጠበቀና እየላላ የሚስተካከለውን ትቶ ልኩ የማይለወጠውን ያዘ። ውፍረቱን ለማረጋገጥ መለኪያውን፣ ካሊፐሩን፣ ቢያነሳ ግን እጁ ላይ ብረት ከብረት እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

«መነጽሬን ረስቼ መጥቼ ነው፤ እስቲ አንተ ለካልኝ» አለ።

ባለሱቁ የጆሮን ደረት ኪስ አየ። መነጽሩ እዚያው ነው። ካሊፐሩን ተቀብሎ ለካለት።

ቤት ሲደርስ አዲሶቹን ጋይዶች በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ቤት ከተታቸው።

«አንተ ሰውዬ! ከሥጋው ጎን ብረት?»

«ሲቀዘቅዙ ይሸማቀቃሉ፤ ቴስታታው ደግሞ ሲሞቅ ይሰፋል። ያኔ ሳይጣሉ ይገባሉ።»

«እንግዲያው ኬክ መጋገሪያዬንም ልትወስድብኝ ነዋ!»

«እሱንማ ወስጄዋለሁ» አለና ሁለቱም ሳቁ። ከጋራዡ ከወጣ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

አዲሶቹ በዚያው ልክ እንዲገቡ፣ የአሮጌዎቹን ጋይዶች ከፍታ እሱ እየነገራት እሷ ደብተር ላይ ጻፈች። ቴስታታው ሞቆ ሲወጣ ሁለት ጣውላ ላይ አስቀመጡት። እሷ ወፍራም ጓንት አጥልቃ መግፊያውን ቀጥ አድርጋ ያዘች፤ እሱ መዶሻውን አነሳ። አንደኛው ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። «አየሽ?» አላት፤ ፊቱ ወጣት መስሎ ነበር። ሦስተኛው ላይ እጁ ከዳውና መዶሻው አውራ ጣቷ ላይ አረፈ።

አልጮኸችም። «ምንም አልሆንኩም፣ ምንም» እያለች ጓንቱን ስታወልቅ ግን ደሙ ቀደማት። ክሊኒክ ሄዱ። አጥንቷ ተሰብሯል። ሐኪሙ «በምን ተመታሽ?» ሲላት «በር ነው» አለች። ጆሮ አጠገቧ ቆሞ ሰማት። ከመዶሻው ይልቅ ያቺ ውሸት ነበረች የሰበረችው።

በማግስቱ ጠዋት ራሱ ስልክ አንስቶ ቶርኖ ሠሪውን ጠራው። ሰውየው መጥቶ ጨርቅ ላይ የተደረደሩትን እቃዎች አንድ በአንድ አነሳ፤ የሴትዮዋንም የታሰረ ጣት አየ።

«ጋሼ፣ ምርጫዎት እንከን የለውም። እኔ ብሆን መግፊያውን እሳሳት ነበር» አለ።

«በል ሥራው» አለው ጆሮ፤ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። «ሪመሩን ዘይት ቀባው። ወደፊት ብቻ አዙር፤ ወደ ኋላ ከመለስከው ስለቱ ይሞታል።»

«እሺ ጋሼ።» ያንን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ እንደ ሰማው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሳ። ጭስ የለም። ቶርኖ ሠሪው እጁን ታጥቦ ሊሄድ ሲል ጆሮ መግፊያውንና ሪመሩን፣ ከጋራዡ ይዞት የመጣውንም ሳጥን አቀረበለት።

«ውሰዳቸው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይሄማ አይሆንም!»

«ልለምንህ ነው እንዴ?»

ሰውየው ወደ ሴትዮዋ ዞረ። «እትዬ፣ ምን ላድርግ?»

«ውሰድለት፣ ወንድሜ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ውጭ ድረስ ተሰማ።

ጣቷ በስድስት ሳምንት ዳነ። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ መንዳት ተማረች፤ የእሱ እጅ ከዚያ ወዲያ መሪም አልያዘም። ሐኪም ቤት የምታመላልሰው እሷ ሆነች። ማርሽ ስትቀይር ስታጋጨው ከጎኗ ተቀምጦ «ቀስ፣ ቀስ በይ» ይላታል፤ ሰው ሰላም ሊላቸው ወደ መስኮቱ ጠጋ ሲል ደግሞ ቀኝ እጁን ጭኑ ሥር ይከታል።