ሽቦዋ የተቆረጠ ሬዲዮ ይዤ ወደ ሐርጌሳ

ጅግጅጋ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

ሚኒባሱ ውስጥ በሩ የሚታየኝን ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት ደኅንነት የሠራ ሰው ግን ጀርባውን ለበር መስጠት አይሆንለትም። ቤት ውስጥ እንኳ እንደዚሁ ነኝ። ሚስቴ "ሌባ እናት ልጇን አታምንም" እያለች ትቀልድብኛለች። እውነቷን ነው።

ወደ ሐርጌሳ የምሄደው አንድ ሰው አፉ፣ ይቅር እንዲለኝ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ጅግጅጋ፣ ጃማ የሚባል ሬዲዮ ሠሪ እንድከታተል ታዘዝኩ። ከማል የተባልኩ ልብስ ነጋዴ ሆኜ ሁለት ዓመት ሱቁ ተመላለስኩ። ሰበቤ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። ቤቴ ሆዷን ከፍቼ አንድ ሽቦ እቆርጥና "አዴር፣ ደግሞ ዝም አለች፤ አይጥ ሽቦዋን በልታት ይሆናል" ብዬ እወስድለታለሁ። አዴር ሶማሊዎች አጎት ሲሉ ነው። እሱ ሲጠግን እኔ አጠገቡ ሻይ እየጠጣሁ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ በልቤ እይዛለሁ። በመጨረሻ "ሐሙስ ሐሙስ ከድንበር ማዶ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ይገናኛል" ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ብሄድ ሱቁ ተዘግቷል። አለቃዬ ምንም ሳይል ወደ ሌላ ከተማ መደበኝ።

በእኛ ሥራ ሪፖርት ይጻፋል እንጂ መጨረሻው አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅኩም። ግን ያ ሰው በእኔ ብዕር እስር ቤት የገባ፣ ከዚያም የባሰ የደረሰበት እየመሰለኝ ኖርኩ። ስንቱን ሌሊት በላብኝ! ባለፈው ወር አንድ የድሮ ጎረቤቱ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ በሚባል ገበያ ሱቅ እንዳለው ነገረኝ። በሕይወት አለ ማለት ግን ይቅር ብሎኛል ማለት አይደለም። ሬዲዮዋን ከሣጥን ሥር አወጣኋት፤ ሽቦዋ ያኔ እንደቆረጥኩት ነው።

ቶጎ ውጫሌ፣ ረፋድ

መንገዱ አስፋልት ነው፤ ግራና ቀኙ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ግመል። ከተማዋ ውስጥ ጋሪው፣ አይሱዙው፣ ሽንኩርት የጫነው ሁሉ ይተረማመሳል። ድንበሩን በእግሬ ተሻገርኩ። የማዶው ፈታሽ ጅግጅጋ የተማረ ወጣት ነው መሰለኝ፣ በጥሩ አማርኛ ሥራዬን ጠየቀኝ። ምላሴ ቀደመኝና "ነጋዴ" አልኩት። የማትሠራ ሬዲዮ ይዞ የሚዞር ምን ዓይነት ነጋዴ ነው ብሎ መፍቻ አስመጣ። ስንቱን ሻንጣ ያስፈታሁት ሰውዬ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ምንም ሲያጣ "ሂድ" አለኝ።

ከዚያ በታክሲ ተጠቅጥቀን፣ በሰው አምስት ዶላር። መንገድ ላይ ገቢሌ ከተማ ሻይ በግመል ወተት ጠጣን፤ ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ መሳይ ቂጣም በማር አቀረቡልን። ሌላው ሰው በላ። እኔ ድርሻዬን አጠገቤ ለተቀመጠው ገፋሁለት።

ሐርጌሳ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ

ጋአን ሊባህ ገበያ ውስጥ ከባሌ የመጣች አንዲት ልጅ ሻይ ትሸጣለች። አማርኛዬን ስትሰማ ደስ ብሏት የጃማን ሱቅ በጣቷ አሳየችኝ። አሁን ሞባይልም ይሠራል። ጢሙን በሂና አቅልቶታል፣ መነጽሩን በክር አስሯል። ቀና ብሎ አየኝና "ከማል" አለ፤ ትናንት የተለያየን ይመስል። ዱካ ሳበልኝ። "በዚህ በኩል ተቀመጥ፣ በሩ እንዲታይህ።"

ክው አልኩ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነውና አንቱታ አይወድም፤ በአንተ ጀመርኩ። "አዴር፣ ከማል አይደለሁም። ስሜ ኢድሪስ ነው። ደኅንነት ነበርኩ፤ ስለ አንተም ጽፌያለሁ። አፉ በለኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"አቦ፣ በሦስተኛው ሳምንት ነው ያወቅኩት" አለኝ። "አይጥ ሽቦ ስትበላ ታኝከዋለች። ያንተ ሁልጊዜ በመቀስ ነው፤ ያውም ያው ቦታ ላይ።"

ሐሙስ ይመጡ የነበሩት የወንድሙ ልጆች ነበሩ። አባታቸው ታሞ "ና" እያሉ ሲለምኑት ከርመው፣ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ አብሯቸው ሄደ። ማንም አልያዘው፣ ማንም አልጠየቀው። እፎይ! ያኔ ነው ዱካው ላይ የተቀመጥኩት።

እሱ ግን አልጨረሰም። መነጽሩን አወለቀ።

"እኔን ሲበላኝ የኖረው ያንተ ነገር ነው፤ ሳልሰናበትህ ሄድኩ። 'የሚጠብቀው ሰው አመለጠው' ብለው ከእንጀራህ ያፈናቀሉህ መስሎኝ፣ ስንት ዓመት ዱዓ አደረግኩልህ። አንተ አፉ በለኝ።"

አለቀስኩ፤ አላፍርም። አፉ ተባባልን። ከዚያ ሬዲዮዋን ተቀበለኝና፣ ሽቦዋን በብየዳ ቀጥሎ፣ መቀስ እንዳላስጠጋት አስጠነቀቀኝ።

መመለሻ

ድንበር ላይ ያው ፈታሽ "ነጋዴው፣ አልሸጥካትም?" አለኝ። ነጋዴ እንዳልሆንኩ፣ የደኅንነት ጡረተኛ እንደሆንኩ ነገርኩት። ሬዲዮዋን ከፈትኩለት፤ አንድ ሶማሊኛ ዘፈን ለቀቀች። እየሳቀ አሳለፈኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ቀላል ነው፦ ስለ ሰው የጻፈ ሰው መጨረሻውን ይጠይቅ። ሃያ ዓመት የፈራሁት መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር።

ቤት ስገባ ሚስቴ እራት አቀረበች። ጃማ ያለኝን ሁሉ እየነገርኳት ግማሽ ያህል ከበላን በኋላ መብላቷን ትታ ታየኝ ጀመር። ምን ሆነሻል ብላት በአገጯ ከኋላዬ ጠቆመችኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ በሩ ነው፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወደ ሳህኔ ተመለስኩ።