አባ፣ ቆብዎን የት ጣሉ?

ወንድም ጋሼ በሞቴ ይችን ብቻ እመነኝ... ስልኬን ስለማታነሳ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ባሕር ዳር ያላችሁ የምታውቁት አሳዩት። አዎ፣ ባለፈው ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ ሌባ ነው ብዬ ሰፈሩን ያስወጣሁ እኔ ነኝ። ይኸኛው ግን ሌላ ነው።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ መነኩሴ እቤታችን መጡ። ቆብ፣ መቋሚያ፣ ቢጫ ነጠላ... ሁሉም አለ። የእህታችንን የብርቄን ራስ ምታት ሳንነግራቸው አወቁ። ጎረቤት ነግሯቸው ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

«ወንዛዬ ጠበል ወስጄ አስጠምቃታለሁ፣ ሲመሽ እንወጣለን። ዘመድ ከተከተለ ግን ጠበሉ አይሠራም» አሉ።

ብቻዋን... ገና ልጅ እኮ ናት። እማዬ ደግሞ እሺ አለች።

እኔ ልቤ አልወደደውም። እኒህን ሰውዬ አንበሳሜ ገበያ አይቻቸዋለሁ፣ ያኔ እንደ አባባ ነጭ ጥምጥም ጠምጥመው ቄስ ነበሩ። ጠየቅኋቸው።

«ሚስቴ ስታርፍ መነኮስሁ፣ ልጄ» አሉኝ።

እማዬ ከንፈሯን መጠጠች። እውነትም ቄስ ሚስቱ ከሞተች ይመነኩሳል፣ ጥምጥሙን ትቶ ቆብ ያደርጋል። ግን ሞቃቸው መሰለኝ ቆቡን አውልቀው ማራገቢያ አደረጉት። ወንድም ጋሼ፣ አባባ ጥምጥሙን እንኳ ስሞ አልነበር የሚያስቀምጠው?

እማዬ ጓዳ ስትገባ ቀስ ብዬ «አባ፣ ቆብዎን የጣሉት የት ገዳም ነው?» አልኋቸው።

ሆን ብዬ ነው። ቆብ ጣለ የሚባለው ምንኩስናውን ትቶ ወደ ዓለም የተመለሰ አይደል? ሲመነኩስማ ቆብ ደፋ ነው የሚባል። እውነተኛ መነኩሴ ቢሆን ያማትባል፣ ይቆጣኛል ብዬ...

ደረታቸውን ነፉ። «ቆላ ነው የጣልሁት። ትልቅ ገዳም። አበምኔቱ ራሳቸው ቆመው መርቀውኝ።»

ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም።

ሮጬ ለእማዬ በጆሮዋ ነገርኋት።

«አንች ደግሞ ያልጠረጠርሽው ማን አለ? ጾመኛ ናቸው፣ አፋቸው ስቶ ነው» አለችኝ።

ጾመኛው ጓዳ ድረስ እየተሰማ ይበላል።

እሷን ትቼ ብርቄን አትሂጅ አልኋት። «ራሴን እኮ አሞኛል፣ አንች ታድኝኛለሽ?» አለችኝ። አሁን ልብሷን ቋጥራ ተቀምጣለች። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሰውየው ፀሐይዋን እያየ ነው፣ እኔንም ያየኛል...

እማዬ ያንተን ቃል አትጥልም። እህትህ ልክ ናት አትበላት፣ «እኔ ሳልመጣ ብርቄ የትም እንዳትሄድ» ብቻ በላት።

ጠርጣራ በሉኝ፣ ግድ የለም... ብቻ ሳይመሽ ደውል።