ኪያ ያለበት ካሴት

ካሴቱ ዛሬም የልብስ ሳሙና ይሸታል። ሃያ ምናምን ዓመት ከእናቴ የክት ልብስ ጋር ሳጥን ውስጥ የኖረ ነው። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «የአጎቴ ሠርግ፣ ሰበታ» ብዬ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። እናቴ ግን አንድም ቀን በዚያ ስም ጠርታው አታውቅም። ለእሷ «ኪያ ያለበት» ነው።

ኪያ ታናሽ ወንድሜ ነበር። በሠርጉ ጊዜ አምስት ዓመቱ ነው። አረንጓዴ ሹራቡን ለብሶ፣ ቪዲዮ አንሺው መብራት ፊት ተገትሮ ላብ በላብ እስኪሆን ጨፈረ፤ ሰውዬው ሙሽሮቹን ልቅረጽ ቢል የት ያሳልፈዋል! በዚያው ክረምት ሳል ያዘው፤ ነገ ይሻለዋል ሲባል ከረመና ሞተ። ፎቶ እንኳ አልነበረውም። ለእንቁጣጣሽ ፎቶ ቤት እንወስደዋለን ተብሎ ነበር።

አክስቴ ከዓረብ አገር የላከችልን የቪዲዮ ዴክ ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር አልተከፈተም። እናቴ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ኪያን ታያለች። ስትጨርስ ልክ እሱ ብቅ የሚልበት ቦታ ድረስ ታጠነጥነውና እዚያው ታቆመዋለች፤ በሚቀጥለው እሑድ ስትከፍተው እንዳያስጠብቃት። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፣ ለሐዘኑ ፀጉሬን ተላጭቼ። ደብተሬን ይዤ ብቀርብ፣ አሞኛል ብል፣ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ በሞተ ወንድሜ እቀና ነበር።

በዚያው መስከረም ከትምህርት ቤታችን ተመርጠን ለቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ተቀረጽን። የእኔ ሥራ ከኋላ ረድፍ ቆሞ ማጨብጨብ ነበር። የሚተላለፍበት ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ቤት ዋለች። እንድታየኝ ላስቀርላት ፈለግኩ፤ ባዶ ካሴት ግን ከየት ይምጣ? በሠርጉ ካሴት ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ጠርዙ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ተሰብራለች። ቪዲዮ ቤት ያሉት ልጆች ቀዳዳዋን በፕላስተር ሲደፍኑ አይቻለሁና እኔም ደፈንኩ። መጀመሪያው ላይ ያለው የሽማግሌዎች ምርቃት ነው፣ እሱን ማን ያየዋል ብዬ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። እናቴ የት እንደምታቆመው አሳምሬ እያወቅኩ፣ ወደ መጀመሪያው መመለሱን በችኮላ ረሳሁት።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ መልሼ ባየው ኪያ የለም። እኔ አለሁ፣ አጨበጭባለሁ። ወደ ፊት ባሳልፈው እንግዶች እየተሰነባበቱ ነው። ካሴቱን አውጥቼ ፕላስተሩን ላጥኩና፣ ዳግም እንዳይከፈት አንድ ጣሳ ውሃ ዴኩ ውስጥ ደፋሁበት። አባቴ በቀበቶ ገረፈኝ። እናቴ ግን ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «ዴኩ ገደል ይግባ፤ ኪያ ተርፏል» አለችና ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

ሌላ ዴክ አልተገዛም። ሲዲ መጣ፣ ዲሽ መጣ፣ አባቴ ዐረፈ፣ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ያለው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ቤት ሞላበት። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ። አንድም ቀን አልነገርኳትም። ዘንድሮ ዓይኗን ሞራ ጋረደውና፣ «ሌንሳ፣ ብርሃኔ ጭራሽ ሳይጠፋ ኪያን በፍላሽ አስገልብጪልኝ» አለችኝ። ቁራጭ ነገር ቀርቶ እንደሆነ ብዬ አዲስ አበባ ወስጄ አስገለበጥኩት። አልቀረም። በሚኒባስ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የምነግራትን ቃል ሳጠና መጣሁ።

ወንበሯን ቴሌቪዥኑ ሥር አስጠጋሁላት። የሽማግሌዎቹ ምርቃት ተሰማ፤ «አሜን» እያለች ጠበቀች። ከዚያ የልጆች ዘፈንና ጭብጨባ መጣ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኩ።

«ዝም በይ! ኢላሊ!» አለችኝ፤ እይ ማለቷ ነው። ጣቷ መስታወቱን ነካ። የምታሳየኝ ከኋላ ረድፍ የምታጨበጭበውን፣ ፀጉሯን የተላጨችውን ልጅ ነው። «ኢልመ ኮ! ልጄ! ጉደቴራ እኮ፣ አድጓል እኮ!» እያለች አለቀሰች። ያጠናሁትን ቃል ትቼ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግኩላት።

ያኔ ያን ቁልፍ የተጫንኩት እናቴ አንድ ጊዜ እንድታየኝ ብዬ ነበር። አሁን በየእሑዱ ታየኛለች። መስታወቱ ላይ ጉንጬን በጣቷ እየዳበሰች፣ ኪያ እንዴት እንዳማረበት ትነግረኛለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ «አዎ እማዬ፣ አምሮበታል» እላታለሁ።