በላጲስ የተፋቀው «አይ»

ሲስተር ቶሺኤ በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሕፃናት ስትመዝንና ስትለካ ኖራለች። ዓመት ከመንፈቅ የሞላው ልጅ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ እሷ ፊት ይቀርባል። ችኩል ናት፤ ደስ ሲላት ብድግ ቁጭ ማለት ታበዛለች። እንደ «እስቲ ትንሽ እንየው» የምትጠላው ቃል የለም። አገሬው ሰው ላለማስቀየም የሚለው የጨዋ ቃል ነው። እሷም አንድ ጊዜ ይህንኑ ለአንዲት እናት ብላ፣ ሕፃኗ ሁለት ዓመት ያለ እርዳታ ቀርታለች። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

የዚያን ቀን ቺናሚ የምትባል ወጣት እናት ልጇን ኢቡኪን ይዛ ገባች። አማቷ እትዬ ኪኑኤም አብረው ነበሩ። ቶሺኤ ከጀርባው ሆና ስሙን ብትጠራው ዞር አላለም። ሥዕል ዘርግታ ውሻው የታለ ብትለው ጣቱን አልቀሰረም። «ቻው» ስትለው ግን መዳፉን ወደ ራሱ ፊት አዙሮ አወዛወዘ።

አማትየው ሳቁ። «አባቱም እስከ አራት ዓመቱ ቃል አልወጣውም ነበር፤ ዛሬ ማን ዝም ያሰኘዋል!»

ቶሺኤ እናቶች ስለ ልጃቸው የሚሞሉትን ደብተር ገለጠች። ሲጠሩት ይዞራል? አዎ። በጣቱ ያሳያል? አዎ። ገጹን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ ተመለከተችው። በየአዎው ሥር በላጲስ የተፋቀ «አይ» ነበር። ደብተሩን ቤት ውስጥ ማን እንደሚያነበው ለመገመት አልተቸገረችም። እትዬ ኪኑኤን የሕፃን ጥርስ አጠባበቅ እንዲማሩ ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል ሸኘቻቸው።

«ልጄ፣ ትንሽ እንየው አልልሽም» አለች። «ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ሐኪም ነው። ዛሬውኑ ልደውል?»

ቺናሚ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ስምንት ወር ለብቻዬ ሳየው ኖሬአለሁ፤ ይደውሉልኝ።»

የሐኪሙ ወረፋ ስድስት ወር ነበር። ቶሺኤ ግን እልህ ያዛትና በየቀኑ ደወለች፤ በአምስተኛው ቀን አንድ ሰው ቀርቶ ለሐሙስ ቦታ ተገኘ። ስልኩን ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ስትዘል መዝጋቢዋ አየቻት። ሐኪሙ ደጋግሞ ካየው፣ ካጫወተውና እናቱን ከጠየቀ በኋላ ኦቲዝም መሆኑን አረጋገጠ። ኢቡኪም ከባለሙያ ጋር በጨዋታ መማር ጀመረ። አማትየው ምራታቸውን ሦስት ቀን አኮረፉ፤ ከዚያ ልጁን ወደ ትምህርቱ የማመላለሱን ሥራ ማንም ሳይጠይቃቸው ወሰዱት።

በዓመቱ ቺናሚ ደብተሩን ይዛ መጣች። የእርሳሱ አዎ ሁሉ ጠፍቶ በእስክሪብቶ «አይ» ተብሎ ተጽፏል። በጣቱ ያሳያል ከሚለው ጥያቄ ሥር ግን በሌላ ሰው፣ በአሮጊት የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ተብሎ ተጨምሯል፦

«ዛሬ ወደቡ ላይ መርከቧን በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።»