ዋጥክ? ዋጥኩ

ንገሪን ብለው የያዙኝ ልጆቹ ናቸው፤ የልጅ ልጆቼ። ነገሩን ያመጣው የታክሲ ሰልፍ ነው። ከፊታችን የቆመው ሰውዬ ከታችኛው ብሎክ ጎረቤታችን ነው። "እማማ፣ ግፊት አለብህ ተብዬ ኪኒን ጀመርኩ" ሲለኝ፣ እኔ ሰው መኖሩን ረስቼ "ሽንት ያስሮጥሃል እንዴ?" አልኩት። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየን። ሰውዬው ሣቀ። ትልቋ የልጅ ልጄ ግን በነጠላዬ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

ታክሲው ውስጥ ገብተን "እማማ፣ በእናትሽ! ሰው ፊት እንዲህ ይባላል?" አለችኝ።

"ምን አልኩ?"

"የሰው ሽንት ምን ያደርግልሻል? እሱን ብቻ ቢሆን ደግ፤ ኪኒን የጀመረውን ሁሉ ነው የምትጠይቂው። ግቢው ውስጥ ማን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?"

"ማን ይሉኛል?"

"ሲስተር ሽንት።"

ይበሉኝ። ሲስተር መባልም ማዕረግ ነው። ማታ ግን ወንድሞቿን ሰብስባ መጣችና "ለምን እንደምትጠይቂ ካልነገርሽን አብረንሽ ታክሲ አንሳፈርም" አለችኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ወሬ ሳበዛባት እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና "ወደ አያታችን ተመለሽ" ትለኛለች። አያታቸው ባሌ ነው። እሷ ገና ስትድህ ነው የሞተው፤ የምታውቀው ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ብቻ ነው።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከአብሮ አደግነት ነው የተጋባነው፤ ሌሎች ሴቶች ባላቸውን አንቱ ሲሉ እኔ አንተ እለው ነበር። ኩሩ ሰው ነው፤ ሸሚዙ ሳይተኮስ ከቤት አይወጣም። "ሾፌር ማለት ሽንቱን እንደ ፍሬን የሚይዝ ሰው ነው፤ መንገደኛ ጭነሽ የት ትቆሚያለሽ?" ይለኝ ነበር። በዚያም ይኩራራ ነበር። ሰው በምን እንደሚኩራራ አይታወቅም።

ጡረታ የወጣ ሰሞን ሰፈራችን ፈረሰ። ሰንጋ ተራ ከብቱ ሄዶ ስሙ እንደቀረ ሁሉ፣ የእኛም መንደር ዛፉ፣ ቦኖው፣ የጎረቤቱ አጥር ሁሉ ሄዶ ስሙ ቀረ። እኛን ዕጣው አራተኛ ፎቅ ላይ አወጣን። ሊፍት የለውም። ባሌ መሪ ከጨበጠበት ወንበር ወርዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲቀመጥ የሚያደርገው ጠፋው። በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ይገሥጻል። "ማርሽ ቀይር አንተ!" ይላል ከላይ ሆኖ። ማን ይሰማዋል?

ያዳነው ቤተ ክርስቲያን ነው። ልደታ ማርያም በወንዶቹ በር ቆሞ ሰው እንዲያስተናብር ተመደበ። ሽማግሌ ሲመጣ ቦታ ይፈልግለታል፣ ሕፃን ሲያለቅስ አባትየውን በዓይኑ ይጠቅሰዋል፣ ቅዳሴ ከተገባ በኋላ ወጣ ገባ የሚለውን ይቆጣል። በተለይ ይህንን አይወድም ነበር። "ጌታ ፊት ቆመህ የት ነው የምትሄደው? አውቶቡስ መሰለህ?" ይላል አሉ። ነጭ ጋቢውን ለብሶ ከዚያ በር ሲቆም ቁመቱ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። ቤትም ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የሚመለሰው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በራችንን ያንኳኳችው በዚያው ዓመት ነው። የልጅ ልጅ የምታህል ልጅ፣ ቦርሳ አንግታ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ትንፋሽ እያጠራት።

"ጋሼ፣ ግፊትዎን ልለካዎት?"

"ለኪኝ እስቲ። ጎማዬ ስንት ንፋስ አለው?"

ጨርቁን ክንዱ ላይ ጠቀለለችና ነፋችው። አየችው። እንደገና ነፋችው። ሣቋ ጠፋ። "ጋሼ፣ ከልክ በላይ ተነፍተዋል። ይህ ጎማ መንገድ ላይ ይፈነዳል።"

"እኔን ምንም አያመኝም።"

"ክፋቱ እሱ ነው። አያምም። ሳያምም ነው የሚጥለው።"

በማግሥቱ እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሲስተሯ ለካችው፣ ካርድ አወጣችለት፣ ጨው ቀንስ፣ ስብ ተው፣ በእግርህ ሂድ አለችው። ኪኒን ደግሞ በየጠዋቱ አንድ። "እስከ መቼ?" አላት። "ዕድሜ ልክ" አለችው። ከዚያ ስንወጣ ያገኘውን ሰው ሁሉ "ልደታ ፍርድ ቤት ሳልገባ ዕድሜ ልክ ተፈረደብኝ" እያለ ያስቅ ነበር።

ጨውን በተመለከተ የነበረውን ጦርነት ልተወው። አይ፣ አንዱን ብቻ ልናገር። ሽሮውን ያለ ጨው ማለት ይቻላል ሠርቼ አቀረብኩለት። ቀመሰውና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ሚጥሚጣ ነው። ጨው አይደለም።"

"ሚጥሚጣ ውስጥ ምን የሌለ መስሎህ ነው?"

"የከለከለችኝ ጨው ነው። ስለ ሚጥሚጣ አፏን አልከፈተችም" ብሎ ነሰነሰው።

ተመለሽ አለችኝ ጸሐፊዋ። ተመለስኩ።

ኪኒኑን የሚያስቀምጠው ራሱ ነበር፣ በብስኩት ቆርቆሮ፣ ከአልጋው ራስጌ። እኔ የማውቀው መጠየቅ ነው። "ዋጥክ?" እለዋለሁ። "ዋጥኩ" ይለኛል። ንጋት ላይ ለኪዳን ሲወጣ በእንቅልፍ ልቤ ሆኜም "ዋጥክ?" እላለሁ፤ እሱም ከበሩ "ዋጥኩ እቴ፣ ተኚ" ይለኛል። ጤና ጣቢያም ቀጠሮው ሲደርስ ያው ነው። "ይወስዳሉ ጋሼ?" "እወስዳለሁ።" ይለካል፣ ግፊቱ ወርዶ ይገኛል፣ ሲስተሯ "ጎበዝ! ሁሉም እንደ እርስዎ ቢሆን!" ትለዋለች። ሰልፉ በረንዳውን ዞሮ ደጅ ድረስ ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ታውራ?

አሁን ሳስበው ምልክት ነበረ። ቀጠሮው ሲቃረብ ጉልበቱን ያመዋል። ያንን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ ቤት ይውላል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ጤና ጣቢያ ደርሶ ሲመለስ ጉልበቱ ይሻለዋል። በማግሥቱ በሩ ላይ ይቆማል። ጉልበት ቀጠሮ አክብሮ ይታመማል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሌላም ነበረ። ኪኒኑን በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ሰንበት ከቅዳሴ ቀድሞኝ ገብቶ ሱሪውን ራሱ ሲያጥብ አገኘሁት። ከተጋባን ጀምሮ መሐረብ አጥቦ የማያውቅ ሰው!

"ምነው ዛሬ ልብስ አጣቢ ሆንክ?"

"ጭቃ ነካኝ።"

"በበጋ?"

"አንቺ ደግሞ! ውሃ አቀብይኝ" አለኝ፤ ዓይኑን ግን ከሳፋው አላነሣም። ሣቅኩበት። ጎረቤት ጠርቼም አሳየሁ።

የሁዳዴ ጾም ገባ። በጾም ሰው ይበዛል፣ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው፣ መቆሙ ይረዝማል። ቀጠሮው በመሀል ነበር፤ "ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፣ ምን ሆንኩ?" አለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። "ዋጥክ?" አልኩት። "ዋጥኩ።"

የስቅለት ዕለት ሁላችንም ከጠዋት ጀምሮ ቅጥር ግቢው ውስጥ ነን። ውሃ በአፉ የዞረ የለም። ሴቶች በሴቶች በኩል፣ ወንዶች በወንዶች በኩል ነው የምንሰግደው፤ እኔ ካለሁበት እሱ አይታየኝም። ስግደት እንደምታውቁት ነው፤ እግዚኦ ይባላል፣ ሕዝቡ አንድ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ላይ ይነሣል። ፀሐዩ እንደ እሳት ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ በአንዱ ውድቀት ላይ ሰው ሁሉ ተነሣ፣ ባሌ አልተነሣም። ግንባሩ መሬት ላይ እንደሆነ ቀረ።

ማንም አልነካውም። እንዴት ይነካዋል? በስቅለት ግንባሩን ምድር ላይ አድርጎ የቀረ ሰው እያለቀሰ ነው፣ እየለመነ ነው ይባላል። ጎኑ የነበሩት እሱን አይተው ቀኑበት መሰለኝ፤ በእሱ ጸሎት እንዳይገቡ ተጠንቅቀው ትንሽ ራቅ አሉለት። ሕዝቡ በግራ በቀኙ ይወድቃል፣ ይነሣል፤ እሱ እዚያው። በኋላ አብሮት በሩ ላይ የሚያስተናብረው ጓደኛው ከአፉ የሚወርደውን አይቶ ጮኸ። ጸበል ረጩበት። ምች ነው ያለ አለ። አንድ ጎልማሳ "መኪና! መኪና!" እያለ ሲሮጥ ነው እኔ የሰማሁት። የማን ባል ነው ብዬ ነጠላዬን ሰብስቤ ሄድኩ። የእኔ ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ብዙ ቆይታችኋል አሉን። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ አፉ ተጣመመ፣ ቃል ጠፋ። አራተኛ ፎቅ በወንበር አድርገው አወጡት፤ ጎረምሶቹ በየደረጃው እያረፉ፣ እሱ በደህና ዓይኑ ጣራ ጣራውን እያየ። ከዚያ በኋላ ሱሪውን የማጥበው እኔ ሆንኩ። ስለውጠው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እንባ ከዓይኑ ጥግ ወርዳ ጆሮው ውስጥ ትገባለች። "ምን አለበት፣ ሚስትህ አይደለሁም?" እለዋለሁ።

ያ የበር ጓደኛው ሊጠይቀው መጣ። ባሌ አልጋው ላይ፣ እኛ ከጎኑ። ሰውዬው ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆየና፣

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ያ ኪኒን ሽንት ያመጣበት ነበር" አለኝ።

"የትኛው ኪኒን?"

"የግፊቱ። መጀመሪያ ሰሞን በቅዳሴ መሀል ሮጦ ወጣ። ሽንት ቤቱ ከአጥሩ ጥግ ነው፣ ሰልፍ አለው። አልደረሰም። ያን ጊዜ ገላውን በጋቢው ከልሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ 'ሰው እንዳይወጣ የምቆጣ እኔ፣ እንዴት እንዲህ ሆኜ በሩ ላይ እቆማለሁ?' አለኝና ኪኒኑን ተወው።"

"ሁልጊዜ ዋጥኩ ይለኝ ነበር እኮ!"

"ሊለካ ሲል ሳምንቱን ይውጣል። ያን ሳምንት አይመጣም። ጉልበቴን ነው ይላል። ለማንም እንዳትናገር ብሎ አስምሎኝ ነበር።" ወደ ባሌ ዞረ። "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።"

ባሌ በደህና እጁ ብርድ ልብሱን ይዞ ፊቱ ላይ ሳበው። እዚያ ሥር ሆኖ ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ነበር። እኔን ሳፋው ትዝ አለኝ።

የሚቀጥለውን ፋሲካ አልደረሰም። ከልደታ ቅጥር ግቢ ነው ያረፈው፤ የቆመበት በር ከመቃብሩ ይታያል።

ዓመታት አለፉ። እኔም በተራዬ ተነፋሁ። ያው ጤና ጣቢያ፣ ያችው ሲስተር፤ እሷም ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ኪኒን ሰጠችኝ። ዋጥኩት፤ በየቀኑ ዋጥኩት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ደረጃውን ወርጄ ታክሲ ሳልይዝ ተመልሼ አራት ፎቅ እወጣለሁ። ቅዳሴ መሄድ ተውኩ። አንድ ቀን ለክታኝ ስትጨርስ፣ ዕድሜ ይሉኝታን ይቀንሳል መቼም፣ "ልጄ፣ ይህ ነገር ሽንት በሽንት አደረገኝ" አልኳት።

"ውይ እማማ፣ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም? የኪኒኑ ጠባይ ነው። ሽንት የማያበዛ ሌላ አለ፣ እሱን እጽፍልዎታለሁ።"

"ሌላ አለ?"

"አለ እንጂ።"

እኔም ጠየቅኳት። "ከመቼ ወዲህ የመጣ ነው?"

"ኧረ አዲስ አይደለም። እኔ እዚህ ሥራ ስጀምርም ነበረ።"

"ባሌ እዚህ ሲለካ?"

ባሌን ታስታውሰዋለች፤ ጎበዝ ትለው የነበረውን። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ነበረ እማማ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ጋሼ አንድ ቃል ቢነግሩኝ፣ በዚያኑ ቀን እቀይርላቸው ነበር።"

ወረቀቱን ይዤ ወደ መድኃኒት መስጫው መስኮት ሄድኩ። ልጁ ወረቀቱን አየ፣ ወንበሩን እንኳ ሳይለቅ ከኋላው ካለው መደርደሪያ እጁን ዘርግቶ አነሣና ሰጠኝ።