ሙዓዝ በባልዲ ላይ የሚመታው ምት

ዛሬም የብረት በር ሲደበደብ ከሰማሁ እጄ ሳላዘው ወደ አፌ ይሄዳል። በስደት ሳለን ካላክላ በሚባል ሰፈር ያደግንበት ቤት በሩ ብረት ነበር፤ ፖሊሶች ከሻ የሚሉትን አፈሳ ይዘው መኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ሊለቅሙ ሰፈሩን በዞሩ ቁጥር፣ እናቴ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ፣ ድስቱን ከእሳት አውርዳ፣ እኔንና ታላቅ እህቴን ሳራን አልጋ ሥር ትከተን ነበር። በር ሲመታ አይከፈትም፣ በር ላይ ቆሞም በአማርኛ መጣራት ክልክል ነበር።

ትንፋሽ እንኳ በሚያስፈራበት በዚህ ቤት ነው እንግዲህ ሳራ የሮክ ባንድ ያመጣችብን። ብርዱ ገብቶ የአገሩ ሰው በመንግሥቱ ላይ ሰልፍ መውጣት ሲጀምር፣ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ግቢያችን ውስጥ ይለማመዱ ነበር፤ እሷ ጊታር ስትይዝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሙዓዝ ድራም ስላልነበረው የቀለም ባልዲ ደፍቶ በተቆረጠ የመጥረጊያ እንጨት ይመታ ነበር። ሁልጊዜ አጀማመሩ አንድ ነው፤ ሁለቴ ቸኮል አድርጎ መትቶ፣ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ፣ አንዴ ያሳርጋል። የባንዱን ስም በየሳምንቱ ሲቀያይሩ ባንዱ ስም ሳይወጣለት ቀረ። እናቴ ምቱን ስትረግም ብትውልም ሙዓዝን ምሳ ሳታበላ አትሸኘውም ነበር።

ሙቀቱ ሲበረታ ሕዝቡ በጦሩ ዋና መምሪያ ፊት ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ፤ እነሳራም እዚያ እየሄዱ መጫወት ጀመሩ። እናቴ ተቆጣች፣ ለመነች፣ አለቀሰች።

«እኛ እኮ እንግዶች ነን ልጄ፣ በሰው አገር ነገር አትግቢ።»

«እማዬ፣ እኔ የተወለድኩት እዚሁ ነው» አለች ሳራ። «ኢንሻአላህ ምንም አልሆንም።»

ዝናቡ መጣል ሲጀምር አንድ ቀን ንጋት ላይ ድንኳኖቹ በተኩስ ተበተኑ። ሳራ እዚያ ነበር ያደረችው። ስልኳ አይሠራም። የሙዓዝ እናት ለሚሸሹት ልጆች በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች፤ እኛ የለመድነውን አድርገን በራችንን ቀረቀርን። ቀትር ላይ በሩ ተደበደበ። እናቴ አፌን በመዳፏ ከድና አልጋ ሥር ጎተተችኝ። ድብደባው ቆመ፣ ኮቴው ራቀ፣ ከዚያ ተመልሶ መጣ። ሁለቴ ቸኮል ያለ ምት፣ ትንፋሽ ያህል ዝምታ፣ ከዚያ አንድ።

እኔን ፍርሃት አደንቁሮኝ ነበር፤ ምቱን ያወቀችው እናቴ ናት፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ባዶ እግሯን ሮጣ ከፈተች። ሳራ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ የሙዓዝን እንጨቶች ይዛ ቆማለች።

«የወደቀች ልጅ ላንሳ፣ እነዚህን ያዥልኝ ብሎኝ ተመለሰ» አለች።

ሙዓዝ አልመጣም፤ እናቱም ከዚያ ቀን ወዲህ በሯን አልዘጋችም፤ ባንዱም በዚያው አበቃ።

ኋላ በአገሩ የተነሣው ጦርነት ሁላችንንም በተነን፣ እኛም አዲስ አበባ ገባን። እዚህ በራችን ደወል አለው፣ ሳራም የራሷ ቁልፍ አላት፤ ሆኖም ከሥራ ስትመለስ በዚያው ምት አንኳኩታ ነው የምትገባው። ያኔ በር ሲመታ እንፈራ ነበር፤ አሁን እናቴ የምትፈራው ሳይመታ ሲመሽ ነው። የሙዓዝ እናት ካላክላን ለቅቃ መሄዷን የነገረን የለም፤ በሯን ማን እንደዘጋውም አላውቅም።