ቂም የያዘው እጅ

እኔ ታናሽዋ ነኝ፤ ምላሴ ግን ታላቅዋ ነው። ስለዚህ የእትዬን ነገር የማወራው እኔ ነኝ። እሷማ ብትጠየቅ «ምን አለ ብለሽ ነው፣ ደህና ነኝ» ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። ቤት ቢቃጠል እንኳ «ትንሽ ሞቀ» ነው የምትለው።

ፀጉር ቤታችን ጠባብ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጥፍር እቀባለሁ፤ እትዬ ከውስጥ መታጠቢያው ጋ ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመጋረጃው ሾልካ ስትገባ፣ የሞቀው ውሃ እንፋሎት ትልቁን መስተዋት ሲያለብሰው፣ ክፍሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። ያኔ እትዬ ጣቶቿን ፀጉር ውስጥ ትሰዳለች። ሴትዮዋ «ባሌ እኮ ትናንት...» ብላ ትጀምርና ሳትጨርሰው እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። በእትዬ እጅ የተነሳ ስንት የባል ጉድ ሳልሰማ ቀረሁ! አንዲት የባንክ ሠራተኛ አፏን ከፍታ አንቀላፍታ፣ ስትነቃ «ልጅነቴ ቤት የነበርኩ መሰለኝ» ብላ አለቀሰች። ደንበኞች «እጀ ሐር» ያሏት በከንቱ አይደለም።

ቤቱን የከፈተችው እናታችን ናት። እትዬን ሙያውን ያስተማረቻትም እሷው ናት፣ ከነዓመሉ። ዓመሉ ምን መሰላችሁ? የፀጉር ቀለም በጥብጣ ሳህን ላይ አታስቀምጥም። ትንሽ ትንሽ እየቆነጠረች የግራ እጇ ጀርባ ላይ ትከምርና ከዚያ በብሩሽ እየነካች ትቀባለች። «እጅ እያለ ሳህን ምን ይሠራል? ቀለሙ መብሰሉን በቆዳዬ አውቀዋለሁ» ትል ነበር። እትዬም ያንኑ ወረሰች። ሲመሽ ጥቁሩን በበረኪና ፈትጋ ታስለቅቀዋለች። ሙያ ማለት ይኸው ነው ብለን ኖርን።

አሁን እናታችን ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ናት፤ ማስታወስ ካቆመች ቆይታለች። እኔን ሲላት ጎረቤት፣ ሲላት ሌባ ታደርገኛለች። እትዬንም በፊቷ አታውቃትም። ግን ሰኞ ሰኞ፣ ቤቱ ዝግ ሲሆን፣ እትዬ መታጠቢያው ላይ አስደግፋት ጣቶቿን ስትሰድ፣ አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ «መጣሽ ልጄ?» ትላለች።

«መጣሁ እማዬ» ትላታለች እትዬ።

በቃ፣ ይኸው ነው። እትዬ ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚህች ቃል ነው። ቀንቼባት አውቃለሁ፤ ምን ያስዋሸኛል?

አንድ ጣጣ ብቻ ነበር። እናታችን መስተዋት ውስጥ ሽበት ካየች ትደነግጣለች። «ይቺ አሮጊት ማን አስገባት? አስወጧት!» ብላ ቤቱን ታተራምሰዋለች። ስለዚህ እትዬ ሽበቱ ብቅ ባለ ቁጥር ጥቁር ትቀባታለች፤ እንደ ልማዷ፣ ከእጇ ጀርባ እየነካች።

እትዬ አርባን ካለፈች በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። መጀመሪያ በጣቶቿ መካከል ያሳክካት ጀመር። ከዚያ የግራ እጇ ጀርባ ቀላ፤ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ነገሮች ወጡበት፤ ፈነዱ፤ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጠቀ። ይኼን ያወቅሁት ነግራኝ እንዳይመስላችሁ። ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት ቀን እጅጌዋን እስከ ጣቷ ስትጎትት ይዣት ነው።

«አሳዪኝ!»

«ምን አለ ብለሽ ነው፣ ሳሙናው ነው።»

«ስንት ዘመን የታጠብሽበት ሳሙና ዛሬ ምን አስቀየምሽው?»

«እማዬ ላይ ያልደረሰ እኔ ላይ አይደርስም» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ደረቅ ናት እኮ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ፀጉር ቤት ውስጥ ግን ምን ተደብቆ ይቀራል? ወንበር ላይ የተቀመጠች ሁሉ ሐኪም ሆነች። አንዷ እንቁላል ተዪ አለቻት፤ ተወች። አንዷ ሎሚ እሺበት አለቻት፤ አሽታ ጣሪያ ልትነካ ምንም አልቀራት። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ደግሞ «አይዞሽ፣ እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» አለቻት።

«ጥፍሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ!» አልኩ። «ስታክ ካየኋት ከሥሩ ነው የማነሳላት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እትዬ ግን አልሳቀችም፤ እጇን በቀሚሷ ላይ ታሽ ነበር።

በኋላ የላስቲክ ጓንት ማጥለቅ ጀመረች። እፎይ አልኩ። ሆኖም እጇ ይሻለዋል ሲባል ጭራሽ ባሰበት፤ እስከ ክንዷ ወጣ፤ የዓይኗ ቆብ ሳይቀር አበጠ። አንድ ቀን የድሮ ደንበኛችን ጓንቱ ሲወልቅ እጇን አየችና «ዛሬ እንኳ ቤቴ ታጥቤ ነው የመጣሁት» አለች። ፀጉሯ ቅባት ያንጠባጥባል! እትዬ ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችና «እሺ የኔ እመቤት» አለቻት። ያን ሰዓት የሴትዮዋን ጥፍር የምቀባው እኔ ነበርኩ። አውቄ ትንሽዋን ጣቷን ዘለልኳት።

የባሰው ግን ሰኞ መጣ። እትዬ ጓንቷን እንዳጠለቀች እናታችንን አስደገፈቻት። ላስቲኩ ፀጉሯን እንደነካ አሮጊቷ ዓይኗን በለጠጠች።

«ማነሽ አንቺ? ልጄን ጥሩልኝ!»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አይደለሽም! የኔ ልጅ እጅ አላት!»

ውሃው በያለበት ተረጨ። እስቲ እኔ ልሞክር ብዬ ጠጋ ስል ጥፊ አቀመሰችኝ፤ የአሮጊት እጅ እንዲህ ይጋረፋል አላልኩም። እትዬ ጓንቷን አውልቃ ወረወረችና በዚያ በተሰነጣጠቀ እጇ ገባችበት። እናታችን ወዲያው ጸጥ አለች።

«መጣሽ ልጄ?»

እትዬ ከንፈሯን ነክሳ «መጣሁ» አለች። አረፋው ደም ነክቶት ሮዝ ሆኖ ነበር።

«ነገ ሐኪም ቤት ነን» አልኳት። «እምቢ ካልሽ ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን እውጠዋለሁ።»

የቆዳ ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የእትዬን እጅ በባዶ እጇ ይዛ አገላበጠችው። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን እጅ ሳይጠየፍ የያዘ ሰው ስታገኝ እትዬ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ቆዳዋ የትኛውን እንደሚጠላ ለማወቅ ሐኪሟ የምንሠራባቸውን ነገሮች ትንሽ ትንሽ እያደረገች የእትዬ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጠፈች። እስኪነሳ ድረስ ውሃ እንዳይነካው፣ ሥራም እንዳትሠራ አስጠነቀቀቻት።

እነዚያን ቀናት እትዬ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሳለፈች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም። ፀሐይዋ ከመጋረጃው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ጭኗ ስትሄድ እያየች ታንቀላፋለች። አንዴ ብንን ብላ «በሕልሜ እጆቼ ወልቀው መታጠቢያው ውስጥ ሲዋኙ አየሁ» አለችኝ።

«ደስ ብሏቸዋል?»

«በጣም። ጠራኋቸው፣ አልሰሙኝም።»

ተነስቼ መታጠቢያውን አየሁት፤ ባዶ ነው።

ፕላስተሮቹ ሲነሱ አንዱ ሥር ፍም የመሰለ ክብ ወጥቶ ተገኘ። ጥቁሩ የፀጉር ቀለም። እንቁላሉ በከንቱ ነበር የታማው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ምንም ሳያደርገኝ?» አለች እትዬ።

«ቆዳ እንደ ሰው ነው» አለች ሐኪሟ። «ይችላል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን ቂም ይይዛል። ብዙ ሰው ላይ የሚጀምረው ካደጉ በኋላ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን አንዴ ቂም ከያዘ አይረሳም። ከቀለሙ ከራቁ እጅዎ ይድናል፤ ከተመለሱበት ይመለስብዎታል።»

እትዬ ፈገግ አለች። «እናቴ ሁሉን ረሳች። የኔ ቆዳ ደግሞ ምንም አይረሳ።»

«ጓንቱ ግን ለምን አልጠቀማትም?» አልኩ እኔ።

«ሲያወልቁት ምን ያደርጉታል?» ሐኪሟ ጠየቀቻት።

«አጥበዋለሁ፣ ገልብጬ አሰጣዋለሁ» አለች እትዬ፣ በኩራት ጭምር። «የግራው ሲቀደድ የቀኙን ገልብጬ ለግራ አደርገዋለሁ።»

ይኼ የእኛ ቤት ብልሃት ነው፤ ጓንት ጥለን አናውቅም። ሐኪሟ ግንባሯን ያዘች። «እንግዲያው ቀለሙን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ከላብዎ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲለብሱት ነበራ!»

አላስቻለኝም፣ ሳቅሁ። ወዲያው የእትዬን ፊት አይቼ አፈርኩ።

ሐኪሟ መመሪያዋን አንድ በአንድ ነገረችን። ሕመሙን የሚያበርደውን ቅባት እሷ ባለችው ልክ ብቻ፤ ሽታ የሌለውን ወፍራም ቅባት ግን በታጠበች ቁጥር። ውሃው ለብ ይበል፤ በረኪናና ሎሚ አይታሰቡ። ጓንት አንዴ ከተሠራበት ይጣል። ቀለም መቀባቱን ለሌላ ሰው ትስጥ። እኔ እቀባለሁ አልኩ፤ በሳህን፣ በአዲስ ጓንት። ሁሉም እሺ፣ እሺ ሆነ።

«በባዶ እጅዎ የሚያጥቡት ሰው አለ?»

«እናቴን ብቻ።»

«ፀጉራቸው ይቀባል? ከተቀባ ፀጉርም ቀለሙ እጅ ላይ ይለቃል።»

ለካ እትዬ ይህን አስባበት አታውቅም። ጎንበስ ብላ እጇን አየችና «ጓንት ካደረግሁ እኔን አታውቀኝም» አለች። «ካልተቀባች ደግሞ ራሷን አታውቅም።»

ሐኪሟ ለዚህ መድኃኒት አልነበራትም።

በራችን ላይ ስንደርስ እትዬ ቆም አለችና «ሽበቱ ይምጣ» አለች። «እጄን ከምታጣ ጥቁሩን ትጣ።»

ይምጣ ማለት ቀላል ነው። እጇ እስኪድን ድረስ የእናታችንን ራስ በእርጥብ ጨርቅ የማብሰው እኔ ሆንኩ፤ ያውም ስታንቀላፋ ጠብቄ፣ እንደ እውነተኛ ሌባ። ሽበቱ ከሥር እየገፋ ሲወጣ ጥቁሩን ጫፍ ጫፉን እቆርጣለሁ። የክፍሏን ትንሽ መስተዋት አነሳን። ሰኞ ሲሆን የፀጉር ቤቱንም መስተዋት በአንሶላ ሸፍኜ በፀጉር መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ቤቱ ያለ መስተዋት ሲሆን የማላውቀው ቤት ይሆንብኛል፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት አጥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

የእትዬ እጅ ቀስ እያለ ተመለሰ። መቅላቱ ጠፋ፣ ስንጥቁ ገጠመ። ድሮ የነበረው ሐር ግን አይደለም፤ አውራ ጣቷ ጎን ሸካራ ሆኖ ቀረ። እትዬ ያን ቦታ በሌላው እጇ ስትዳስስ አያታለሁ። ምን እንደምትፈራ አውቃለሁ። እናታችን ይኼን እጅ ባታውቀውስ?

ጥቁሩ ተቆርጦ ሲያልቅ ሰኞ መጣ። እናታችንን አስደገፍናት። አጭር፣ ነጭ ፀጉር፤ ሽታ የሌለው ሳሙና፤ ለብ ያለ ውሃ። እትዬ ባዶ እጇን አስገባች።

ውሃው ይፈሳል። እኔ ለሚመጣው ጥፊ ጉንጬን አዘጋጅቻለሁ።

«ሻከርሽ» አለች እናታችን።

የእትዬ ጣቶች ባሉበት ቆሙ።

«እጅሽ ሻከረ ልጄ። ሥራ በዝቶብሽ ነው የቆየሽው? መጣሽ ግን።»

«መጣሁ እማዬ» አለች እትዬ። ድምፅዋ ወጣ ልበል እንዴ፤ ከንፈሯ ነው የተንቀሳቀሰው።

ያኔ አንሶላው በእንፋሎት ከብዶ ከመቆንጠጫው ተላቀቀና መሬት ወደቀ። ዘልዬ ልሸፍነው አሰብኩ፤ አልደረስኩም። እናታችን ቀና ብላለች። መስተዋቱ ውስጥ፣ ከእንፋሎቱ ማዶ፣ ነጭ ፀጉሯ ውሃ የሚያንጠባጥብ አሮጊት ታያታለች።

«እማዬ» አለች እናታችን። ለእኛ አይደለም፤ ለመስተዋቱ ነው። «እማዬ፣ መቼ መጣሽ?»

አያታችን የሞተችው እኔ ሳልወለድ ነው።

እናታችን እጇን ወደ ፀጉሯ ልካ የእትዬን እጅ ከነአረፋው ያዘችው። ጎትታ አምጥታ ወደ መስተዋቱ ዘረጋችው።

«ይቺ ልጄ ናት» አለቻት። «ፊቷን አላውቀውም። እጇን ግን የትም አውቀዋለሁ።»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔ፣ ባለ ምላሷ፣ በምላሴ ፈንታ እጄን ዘረጋሁ። እናታችን ያን እጅ አልለቀው አለች፤ ስለዚህ የቀረውን አረፋ ያለቀለቅኩት እኔ ነኝ። አልመታችኝም።